ጣቢያ ፈላጊው ዲያቆን

ፈንታሁን መሞቱን የሰማሁት ንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሱቄ ውስጥ የአንድ ሚኒባስ ቴፕ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለ ነው። ከስማዳ የመጣ ሾፌር በሩ ላይ ቆመና፣ "ይርጋ፣ ያ ዲያቆኑ የኮምፒውተር አስተማሪ፣ ፈንታሁን፣ ትናንት ወገዳ ላይ ቀብረነው መጣን። አልሰማህም እንዴ?" አለኝ።

ካቻቢቴውን አስቀመጥሁ። "ነፍስ ይማር" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን ብዬ ጠየቅሁ መሰላችሁ? "ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?"

"ምን ሰው ትላለህ! አገር ነው እንጂ የወጣው። ከእስቴና ከአርብ ገበያ ሳይቀር ተማሪዎቹ በአይሱዙ ተጭነው መጡ።"

በአይሱዙ! ወዲያው የራሴን ቀብር አሰብሁት። ሁለት ደላላዎች፣ የመናኸሪያው ዘበኛና አንድ ቴፑን ያልወሰደ ባለሚኒባስ መጡልኝ። ቀናሁ። ሰው በሬሳ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ኩላሊቱን ታሞ ነው አሉኝ፤ ስለ ሕመሙ የጠየቅሁት ስለ ለቀስተኛው ጠይቄ ከጨረስሁ በኋላ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለ እሱ የምነግራችሁን ሁሉ ይህን እያወቃችሁ ስሙኝ።

ፈንታሁን አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲስቅ ከመናኸሪያው ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ኮት ላይ ነጠላ ይደርባል። ሲያስብ ጣቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየነካ ይቆጥራል፤ የቅኔ ተማሪ ሳለ የለመደው ነው። ክፉ ጠባይም ነበረው። የምትናገረውን መካከል ላይ አቋርጦ ቃልህን ያርምልሃል። "ሬዲዮኑ ተበላሸ" ስትለው፣ "አልተበላሸም፤ ዝም አለ እንጂ፤ ዝም ማለትና መበላሸት ይለያያሉ" ይልሃል። ምሳ እየበላሁ ከመጣ ደግሞ ሳይጠራ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ግማሹን በልቶ ሲያበቃ፣ "ወጡ ጨው አንሶታል" ይላል። ይህ ሁሉ ግን ማንም እንዲጠላው አላደረገም። ከእኔ በቀር።

የእኔን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ የኔታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ የኔታ ነው የምላቸው። በልጅነቴ ከጉባኤ ቤታቸው አስገብተውኝ ነበር፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት የጀማሪ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ አልወጣልህ አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እየቆጠርሁ ስነግራቸው አንድ ዓመት ሙሉ "ድገመው" አሉኝ። በመጨረሻ፣ "ይብቃህ ልጄ፤ ላንተ ሌላ ነገር እንፈልጋለን" አሉ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደብረ ታቦር ሄጄ ኤሌክትሮኒክስ ተማርሁና ሱቅ ከፈትሁ።

ፈንታሁን ከስማዳ ደበሎውን ለብሶ የመጣው እኔ ከጉባኤ ቤት በወጣሁበት ዓመት ነው። እኔ የተነሣሁበት ቦታ ላይ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። እኔን ያቃተችኝን ጉባኤ ቃና በሁለት ሳምንት አለፋትና ሌላውን ቀጠለ፤ ቆይቶም የኔታ ሲደክማቸው በእሳቸው ፈንታ የተማሪዎቹን ቅኔ የሚሰማ ሆነ። እቤት ስሄድ አባቴ፣ "ዛሬ ፈንታሁን እንዲህ ያለች ቅኔ ነገረኝ" ብለው እኔ ትርጉሟን የማላውቃትን ነገር ይነግሩኛል። እኔም፣ "ደግ" እላለሁ። ምን ልበል?

ይሁንና ለእኔም አንዲት ነገር ነበረችኝ። አባቴ ሰው የሚያመሰግኑ አይደሉም፤ ተማሪ ቅኔው ቢያምርለት፣ "ቀጥል" ነው የሚሉት። እኔን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በመጋቢት፣ "እጅህ ይባረክ" ይሉኝ ነበር። ሬዲዮናቸውን ስሠራላቸው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለምትሰማ ለዚያች ቃል ስል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ሬዲዮው ተበላሽቶ አያውቅም።

ያኔ ገጠሩ ሁሉ የሚሰማው ከውጭ በአጭር ሞገድ የሚመጣውን የአማርኛ ዜና ነበር። እነዚያ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ቦታ ይቀይራሉ። አዲሱን ቁጥር አስቀድመው ይናገራሉ፤ ግን ዜና አንባቢው ቁጥሩን ደራርቦ ሲያነበው ማን ይይዘዋል? በማግስቱ መርፌው በነበረበት ቦታ ላይ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ገበሬው የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ "ውስጡ ተቃጥሏል፤ ከነገ ወዲያ ተመለስ" እለዋለሁ። ሲሄድልኝ ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን እፍ እላለሁ፣ መርፌውን አዲሱ ቦታ ላይ አደርገዋለሁ። በቃ! ይኸው ነው። ከክምር ድንጋይ እስከ ጋሸና ድረስ "ይርጋ ከነካው ይናገራል" ያሰኘኝ ይህ ነው።

እውነተኛ ሥራም እችል ነበር፤ እንዲያው ሌባ ብቻ አድርጋችሁ አትዩኝ። ግን ያወቅሁትን ለማንም አላሳይም። የተቃጠለ ዕቃ ስቀይር፣ ሌላ ሠራተኛ ከፍቶ እንዳያውቅብኝ በአዲሱ ዕቃ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር በምላጭ ፍቄ ነው የምከድነው። እንዲህ ነበር የምሠራው። አባቴንም እንደ ገበሬው ሁሉ "ተቃጥሏል" ብዬ ሁለት ቀን አስጠብቄ እመልስላቸው ነበር፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ መርፌው የት እንደቆመ አያዩም። ሬዲዮው ሲናገር ፊታቸው ይበራል። "እጅህ ይባረክ" ይላሉ።

ፈንታሁን ታዲያ ቅኔውን ጨርሶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ባሕር ዳር ሄደና ኮምፒውተር ተምሮ፣ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ። ሥራው ገባኝ፤ አንዱን ወስዶ ሲያበቃ አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው መጣ አልሁ። ሽቦና ኤሌክትሪክ የእኔ ነበር እኮ!

አንድ ቀን ተዘግቶ የሄደ የአንድ ፕሮጀክት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ሁለታችንም ተገኘን። እኔ የመኪና ባትሪዎቹን ወሰድሁ። እሱ ማንም ያልፈለገውን የብጥስጣሽ ካርቶን ይዞ ወጣ። ከዚያ ውስጥ አንዲት በእጅ የምትያዝ፣ አንቴናዋ የረዘመ ሬዲዮ አገኘ። ስካነር ነው የምትባለው። እንደ ሌላው ሬዲዮ በእጅ አትዞርም፤ ከጣቢያ ጣቢያ ራሷ እየዘለለች፣ አየሩ ላይ ሰው የሚናገርበትን ቦታ ታስሳለች። በሽቦ ከኮምፒውተር ጋር ትያያዝና እንዴት እንደምታስስ የሚነግራት ፕሮግራም አለ። ፈንታሁን ፕሮግራሙን ከአንድ የባሕር ዳር ጓደኛው በፍላሽ አምጥቶት ነበር።

ስካነሯን የሚይዝባት ማኅደር ነበረችው፤ ዳዊት የሚያዝባት የቆዳዋ ማኅደር ራሷ። በትከሻው አንግቷት ይሄዳል። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ አንዲት ባልቴት አስቆሙትና ማኅደሯን ሦስት ጊዜ ተሳለሟት። እኔ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆሞ አሳለማቸውና ሲሄዱ፣ "ምን ላድርግ፣ ሬዲዮ ነው ብላቸው ያፍራሉ" አለኝ። እኔ ብሆን ያን ነገር መናኸሪያውን ሁሉ ሳላስቅበት አላድርም ነበር። ይህም አናደደኝ።

የፕሮግራሙን ነገር ያስረዳኝ ትምህርት ቤት ወስዶኝ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈተና ሙሉ ገጽ ጽሑፍ አሳየኝ።

"ይኸውልህ ሆዱ" አለኝ። "ይህን የጻፉት ሰዎች ተያይተው አያውቁም። አንዱ ይጀምረዋል፣ አንዱ ያቃናዋል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ያልተደበቀ ነው። እኔም የአገራችንን ጣቢያዎች እንድትፈልግልኝ አድርጌ የራሴን ጽፌበታለሁ።"

"ያልተደበቀ ከሆነ ታዲያ ጥቅማቸው ምንድን ነው?" አልሁት።

"የኔታ ቅኔያችንን ሲያቃኑልን ጥቅማቸው ምን ነበር? ተማሪው ሁሉ ተቀምጦ ይሰማል፤ የፈለገ ይዞት ይሄዳል። ይህም እንዲያው ነው።" ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ላንተም መግቢያ ከፍቼልሃለሁ። ይርጋ ብለህ ገብተህ ስህተት ካየህ አቃና። የሬዲዮን ነገር ከእኔ አንተ ታውቃለህ።"

ከእኔ አንተ ታውቃለህ! ቢንቀኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። እየሄድሁ አያለሁ። አንድ ቀን ስካነሯ የምትሰጠውን ቁጥር ከእኔ ደህና ሬዲዮ ጋር በጆሮዬ ሳስተያየው፣ ስካነሯ ሁልጊዜ አምስት እንደምትጨምር አገኘሁ። ፈንታሁን ከወንበሩ ዘለለ። "አየህ! አየህ!" እያለ "አምስት ቀንስ" የምትል አንዲት መስመር ጻፈና ከአጠገቧ "ይህን ያገኘው ይርጋ ነው" ብሎ ጨመረባት። ወደ ሱቄ ስመለስ እያፏጨሁ ነበር።

ጥቅምት መጣ። ጣቢያዎቹ ቦታ ቀየሩ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥርና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ ወረቀት ተለጠፈ። "ሬዲዮዎ አልተበላሸም። ጣቢያው ወደዚህ ሄዷል" ይላል፤ ከሥሩ የየጣቢያው አዲስ ቁጥር ተዘርዝሯል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ መርፌው የት እንደሚቆም በሥዕል ተሥሏል።

ደሜ ፈላ። ሰው ወረቀቱን እያየ መርፌውን ራሱ አዞረ። ያን ወር ሱቄ የመጣው ሁለት ሰው ነው፤ የሁለቱም ሬዲዮ በእውነት የተበላሸ ነበር። አንዱ ሽማግሌማ ከበሩ ቆመው፣ "አንተ ይርጋ፣ አምና ተቃጥሏል ያልኸኝስ?" አሉኝ። "አምናማ ተቃጥሎ ነበር" አልኋቸው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አባቴ ግን ያን ጥቅምት አልጠሩኝም። ወሩን ሙሉ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ራሴ ሄድሁ፤ ሬዲዮው ዜና ያወራል።

"ማን ሠራልዎ?"

"ፈንታሁን ነው። እዚሁ ቆሞ አዞር አደረገውና ተናገረ።"

አባቴም፣ "ታዲያ የኔ ልጅ ሁለት ቀን የሚፈጀው ለምንድን ነው?" ብለው ፈንታሁንን እንደጠየቁት ኋላ ሰማሁ። እሱም፣ "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ብሎ መለሰ አሉ። መጋቢት ላይም እሱ አዞረው። በሁለተኛው ጥቅምትም እሱ። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ "እጅህ ይባረክ" የምትለውን ቃል ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ። ለፈንታሁን ይበሉት አይበሉት አላውቅም። ብለውት ይሆናል እያልሁ ግን እንጀራ አልበላልህ አለኝ።

በሚቀጥለው መጋቢት፣ እሱ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር፣ የኮምፒውተሩ ክፍል ገባሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ "ግባ ግባ፣ የፈንታሁን ጓደኛ" አለኝ። "አምስት ቀንስ" የምትለዋን መስመር፣ የራሴኑ መስመር፣ በከፈተልኝ መግቢያ ገብቼ ፈለግሁና ከአምስቷ ኋላ ሁለት ዜሮ ጨመርሁ። አምስት መቶ ሆነች። ዘግቼ ወጣሁ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ፈንታሁን ተማሪ ፈተና እያዘጋጀ ስለነበር ዝርዝሩን ሳያየው አትሞ ለጠፈው። በገበያ ቀን ጉድ ፈላ። ከታች ጋይንት የመጡ ሰዎች ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ከበቡት። "ዲያቆን፣ በነገርኸን ላይ ብናደርገው ዓረብ ነው እኮ የሚዘፍንበት!" ይላል አንዱ። "የኔማ ያፏጫል፤ እባብ ገብቶበታል?" ይላል ሌላው። ሰው ሳቀ። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ፈንታሁን ወረቀቱን ከአጥሩ ላይ ሲገነጥል ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ በጎረቤት ስልክ አስደወሉልኝ። "ሬዲዮው ጠፋብኝ፤ ና እስቲ ልጄ።" በረርሁ ማለት ይቀላል። ጆሮዬን አስጠግቼ፣ "ውስጡ ተቃጥሏል፤ ከነገ ወዲያ አመጣልዎታለሁ" አልሁና ይዤው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታሁን ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም። ዓይኑ ደም መስሏል። ጠረጴዛው ላይ የአባቴን ሬዲዮ አየው፤ በቆዳ ልብሱ ያውቀዋል።

"ተበላሽቶ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ተበላሽቶ ነው።"

ቃሌን ያርማል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላረመም።

"ፕሮግራሙ ማን ምን እንደለወጠ ይመዘግባል" አለ በመጨረሻ። "ስሙን፣ ሰዓቱን፣ መስመሩን። አታውቅም ነበር መሰል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"ሁለቱን ዜሮዎች አውጥቻቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር አሳየኸኝ፤ ፕሮግራሙ የነገሩትን ሁሉ ያምን ነበር። አሁን ከበፊቱ ጋር የማይሄድ ቁጥር ሲያገኝ ቆሞ 'እርግጠኛ ነህ?' ብሎ ይጠይቃል። ይህችንም በአንተ ስም መዝግቤያታለሁ።"

"ልትሰድበኝ ነው የመጣኸው?" አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "ስደበኝና ሂድ! ምታኝ! ለሰው ሁሉ ንገር!"

"አልሰድብህም።" በሩ ላይ ሆኖ ዞረ። "የኔታ በጣም ይወዱሃል፣ ይርጋ። ታውቃለህ?"

የቀለደብኝ መሰለኝ። ሲወጣ ከኋላው ምራቄን እንትፍ አልሁ። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮውን መለስሁላቸው፤ አባቴም እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። አሸነፍሁ አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እኔ እንደፈለግሁት ሆነ። ዝርዝሩ ተስተካክሎ በየወቅቱ ይለጠፋል፤ አገሩ ሁሉ በዚያ ያዞራል፤ የአባቴ ሬዲዮ ግን ወደ እኔ ብቻ ይመጣል። ፈንታሁን ያችን ሬዲዮ ሁለተኛ አልነካትም። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተዛውሮ ስማዳ ገባ፤ ዝርዝሩን ከዚያ ሆኖ ለትምህርት ቤቱ ይልክ ነበር። እኔም፣ "አፈረና ሸሸ" አልሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ያ ሾፌር በሬ ላይ ቆመ።

ለቅሶ ደረስሁ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ስገባ አንዱ ለሌላው፣ "ይርጋ ማለት ይህ ነው" ሲል ሰማሁ፤ ሁሉን ነግሯቸዋል ብዬ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። የፈንታሁን ታላቅ ወንድም አጠገቤ ተቀምጦ፣ "ሁለታችሁ ናችሁ አሉ ያን ፕሮግራም የሠራችሁት" አለኝ። ስነሣ ማኅደሯን ከነስካነሯ፣ ላፕቶፑንም ጨምሮ ሰጠኝ። "ከእሱ ሌላ የሚያውቀው ይርጋ ነው ብሎ ነበር።"

ሱቄ ገብቼ ከፈትሁት። ከእኔ "እርግጠኛ ነህ" በታች፣ ስማቸውን ማንበብ የማልችል ሰዎች አቃንተዋል፣ ጨምረዋል። ፈንታሁን ፕሮግራሙን ወደ መጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች መልሶ ልኮት ኖሯል። በሩቅ አገር ያለ ሰው የእኔን ተንኮል ከፍቶ አንብቦ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ ወስዶታል። ይህን ሳይ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

መጋቢት ገባ። ዝርዝር የሚልክ የለም። ጣቢያዎቹ እንደልማዳቸው ቦታ ቀየሩ፤ ሬዲዮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ሱቄ መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን ተቀብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ግንባሬን ቋጠርሁ። "ውስጡ..." ብዬ ቆምሁ። ሰውየው፣ "ውስጡ ምን ሆነ?" ይለኛል። አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። እዚያው መርፌውን አዞርሁለትና ሂድ አልሁት። ከዚያ ሱቁን ዘጋሁ፤ ስካነሯን አያይዤ ሁለት ቀን አሳሰስኋት፣ ዝርዝሩን አተምሁት፣ ለጠፍሁት። ከሥሩ "ይርጋ" ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። ሰዉ ተሰብስቦ አየውና ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተመስገን፣ የፈንታሁን ወረቀት ወጣ!" አሁንም ቀናሁ። አይለቀኝም።

በማግስቱ አባቴ አስጠሩኝ። ሬዲዮው ጉልበታቸው ላይ ነበር። "ጠፋብኝ ልጄ" አሉ። ተቀበልኋቸው። እንደ ወትሮው ይዤው ልወጣ ተነሣሁና ደጃፉ ላይ እግሬ አልሄድ አለ። ተመልሼ ከመደቡ አጠገብ ቁጭ አልሁ።

"የኔታ፣ ይህች ሬዲዮ ተበላሽታ አታውቅም። ጣቢያው ነው ቦታ የሚቀይረው። አንድም ቀን ሠርቻት አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ያታለልሁዎት እኔ ነኝ።"

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው አያየኝም።

"ፈንታሁን ነግሮኛል" አሉ።

"መቼ?"

"ያን ጊዜ ነዋ፣ ወረቀቱ የተሳሳተ ዕለት። ገበያው ከተፈታ በኋላ መጣ። ሁሉን ነገረኝ። ዜሮውንም፣ ሬዲዮውንም።"

ፈንታሁን በማግስቱ ሱቄ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አባቴ ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እያወቁ!

"ታዲያ ምን አሉት?"

"ዝም በል አልሁት። እንደማውቅ ልጄ ካወቀ አፍሮ ይቀራል፤ አይመጣልኝም አልሁት። አንተም ሁለተኛ ሬዲዮውን እንዳትነካብኝ አልሁት።"

"እሱስ ምን አለ?"

አባቴ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና ማሸት ጀመሩ።

"'ይህን ያደረግሁት እኔ ብሆን ኖሮስ፣ የኔታ፣ ዝም ይሉኝ ነበር?' አለኝ።"

"ምን ብለው መለሱለት?"

"ምን ልበል? ዲያቆን ነው፤ አልዋሸውም። 'አንተንማ አባርርህ ነበር' አልሁት።" "ጉልበቴን ሳይስም ወጣ። ከዚያች ቀን በቀር ሳይስም ወጥቶ አያውቅም።"

ለካ እሱ ነበር የሚቀናው። ቅኔውን የቻለው፣ አገር የቀበረው፣ ስሙ ከወረቀቴ ላይ የማይፋቅልኝ ፈንታሁን በእኔ ይቀና ነበር። ይህን ሰምቶ ካደረ በኋላ ነው ሱቄ በር ላይ ቆሞ "የኔታ በጣም ይወዱሃል" ያለኝ፤ እኔም ምራቄን የተፋሁበት። አንድ ጊዜ እንኳ ከእሱ የበለጥሁበት ነገር ተገኘ፤ "በለጥሁህ" የምለው ሰው ግን ወገዳ አፈር ለብሷል። ሬዲዮውን ታቅፌ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ዳሰሱና፣ "በል ፈልግልኝ እንጂ፣ ዜናው ሊያልፈኝ ነው" አሉ።

መርፌውን እዚያው ፊታቸው ማዞር ጀመርሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጣቢያውን ሁለት ጊዜ አለፍሁት።